«ወንድ ነው» ይሉ የነበሩት እማማ ከድጃ

ሰሞኑን ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ጋደም እንዳልኩ፣ ከኮርኒሱ በላይ የድመት ልጆች ሲጮኹ ሰማሁ። ተነስቼ ላያቸው አቅም አልነበረኝም። ጩኸታቸው ግን ኮልፌ ድረስ፣ የእማማ ከድጃ እህል ቤት ደጃፍ ይዞኝ ሄደ።

የንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው። ጎረቤታችን እማማ ከድጃ ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ ዳር ባቄላና ገብስ ይሸጡ ነበር። ቤታቸው ጆንያ ጆንያ ይሸታል። እግራቸው እያበጠ ስለሚያስቸግራቸው ከሚዛኑ አጠገብ፣ ከተገለበጠ የሳሙና ሣጥን ላይ አይነሱም። የጭቃ ቤቶቻችንን አይጥ ስለወረራቸው ድመት የማያሳድግ አልነበረም። ሴት ድመት ግን የሚፈልግ የለም፤ እየወለደች ታበዛለች ተብላ በጆንያ ታስራ ወንዝ ትጣላለች። ስለዚህ የድመት ልጅ ያገኘ ሁሉ «ወንድ ይሁን ሴት ይዩልኝ» እያለ መጀመሪያ እሳቸው ዘንድ ይመጣል።

እኔም አንዲት ግራጫ አገኘሁ። አባቴ ከፋብሪካ ሲመለስ እጄ ላይ አያትና፣ «ሴት ከሆነች እዚህ ቤት አታድርም» አለ። አምስት ሴት ልጆች ነበርን። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሰልችቶት ነበር። አብረን ወሰድናት። እማማ ከድጃ ጅራቷን ቀና አድርገው አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ወንድ ነው» አሉ።

ስሙን ሻምበል አልነው። ክረምቱ ሲወጣ ሻምበል የአባቴ ካፖርት ላይ ወለደ።

አባቴ እያጉረመረመ ወደ እማማ ከድጃ ሄደ፤ አንዱን የድመት ልጅ በቀሚሴ ይዤ ተከተልኩት።

«እማማ፣ ወንድ ነው ብለውኝ አልነበረም?»

«ዓይኔ ደክሞ ነው፣ በቀለ።»

ራሱን እየነቀነቀ ሲመለስ እኔ ቀረሁ። እማማ ከድጃ የያዝኩትን ተቀብለው ጅራቱን አነሱልኝ። «ሁለቱ ቀዳዳዎች ተቀራርበዋል፤ አየሽ? ይቺ ሴት ናት። ራቅ ራቅ ካሉ ወንድ ነው።»

«ታዲያ ያኔ አላዩም ነበር?»

«አይቻለሁ» አሉ። «አራት ሴት ወልጃለሁ። የመጨረሻዋን ስወልድ ባሌ በር ላይ ቆሞ ምን እንደሆነች ሰማና ሳያያት ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ‹ሴት ናት› ባልኩ ቁጥር የሰው ፊት ሲጠቁር ማየት ታከተኝ፣ ልጄ።»

ያኔ እናቴ ስድስተኛዋን አርግዛ ነበር። ምጧ የመጣ ዕለት እማማ ከድጃ ያበጠ እግራቸውን እየጎተቱ መጡ። አባቴ ግቢው ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል። ለሴት ልጅ እልልታው አጭር ነው፤ ለወንድ ይረዝማል። ከውስጥ የእማማ ከድጃ እልልታ ተሰማ። ለሴት የሚበቃው አለፈ፤ አላቆሙም። አጥር ላይ ጆሯቸውን የጣሉት ጎረቤቶች፣ «እንኳን ማርያም ማረቻት፣ ወንድ ልጅ አገኘህ!» አሉ። የአባቴ ፊት በራ።

እማማ ከድጃ የበሩን መቃን ተደግፈው ወጡ።

«ሴት ናት፣ በቀለ» አሉት። «ለእሷ ነው እልል ያልኩት።»

የአባቴ ፊት ጠቆረ። እማማ ከድጃ ግን ዓይናቸውን አልሰበሩም። ባበጠ እግራቸው፣ ፊት ለፊቱ ቆመው ጠበቁት። በመጨረሻ አባቴ ዱካ አምጥቶ፣ «ይቀመጡ እማማ፤ ደክሞዎታል» አላቸውና ሴት ልጁን ሊያይ ገባ።

እማማ ከድጃ አብዮቱን ሳያዩ ሞቱ። እህል ቤቱም ፈርሷል። በዚያ ሰፈር ግን ዛሬም ሴት ስትወለድ እልልታው አያጥርም። ነዋሪዎቹን ለምን እንደሆነ ብትጠይቋቸው አያውቁም፤ «የሰፈሩ ልማድ ነው» ይሏችኋል።