ሞልቷል የማይባልባት ሚኒባስ

መምህርት ብዙወርቅ አቃቂ ውስጥ ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ጠመኔ ሲያልቅባት እንኳ የምትጠይቀው በሹክሹክታ ነው። አምና ሱፐርቫይዘሩ አቶ ሰቦቃ ክፍሏን ተመልክተው ሲወጡ፣ «ተማሪዎቹ በሰላም ተኝተዋል» ብለው ጻፉባት። ዘንድሮም ከተኙ ክፍሏን አስረክባ መዝገብ ቤት ልትገባ ነው። ከልጆቹ ጫጫታ ተለይታ ከፋይል ጋር ስትውል ይታያትና እንባዋ ይመጣል።

የዕለቱ ትምህርት የሕዝብ ቁጥር እድገትና አካባቢ ነበር። ወለሉ ላይ በጠመኔ ትልቅ ሚኒባስ ሣለች።

«ይህቺ መሬት ናት። እጥፍ እጥፍ እየሆናችሁ ትገባላችሁ። ቦታ ሲጠፋ ‹ሞልቷል› በሉኝ።»

ሁለት ገቡ። አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ስድስት።

«አልሞላም?»

«ኧረ ቲቸር፣ ገና ባዶ ናት!» አለ ሞቲ፤ ማንም ሳይሾመው ረዳት ሆኖ በሩ ላይ ቆሟል። «ጠጋ ጠጋ በሉ! እድላዊት፣ ቦርሳሽን እቀፊው እንጂ፣ እሱ ሒሳብ አይከፍልም!»

ሠላሳ ሁለት ገቡ። አንዱ የጓደኛው ጫማ ላይ ቆመ። ሞልቷል ያለ ግን የለም። ጠዋት ጠዋት ከቃሊቲ በታክሲ የሚመጣ ልጅ ያንን ቃል ከየት ያምጣው? ብዙወርቅን ላብ አጠመቃት። አቶ ሰቦቃ መመዘኛ ቅጻቸውን ይዘው ብቅ ያሉት ይሄኔ ነው።

«ፋዘር፣ ይግቡ፣ አንድ ሰው ነው የቀረን!» ብሎ ሞቲ እጃቸውን ጎተተ።

አቶ ሰቦቃ ሰፊ ሰው ናቸው። ሚኒባሷ ዋጠቻቸው።

«ልጆች... ኧረ አየር! መስኮት ክፈቱ!»

«ቲቸር መስኮት አልሣለችም» አለች እድላዊት ከብብታቸው ሥር። «ቲቸር፣ ቦታስ አለ፤ አየሩ ነው ያለቀው!»

«እሱን ነው የምፈልገው!» ብዙወርቅ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸች። «መሬት ሳትሞላ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው! አየሩ፣ ውኃው!»

«ለዚህ ነዋ አቃቂ ወንዝ ጋ ስንደርስ አፍንጫችንን የምንይዘው!» አለ ከመሀል የታፈነ ድምፅ።

«ወራጅ አለ!» አሉ አቶ ሰቦቃ።

«ትራፊክ አለ ፋዘር፤ ትንሽ ይታገሱ!»

ሲለቀቁ ክራባታቸው ጀርባቸው ላይ ነበር። የተጨማደደውን ቅጽ ጉልበታቸው ላይ አቃንተው ጻፉ፤ ብዙወርቅም እየፈራች አነበበችው።

«የተኛ ተማሪ የለም። መተኛ ቦታም አልነበረም። በክፍሏ ትቀጥል።»