እናቴ ያወረደችው ድንጋይ

ዘመነ ማርቆስ ነበር፣ የኅዳር አጨዳ። ሰሞኑን ከቤቴ በታች መንገድ እየተጠገነ ስለሆነ፣ ድንጋይ በመዶሻ ሲፈለጥ በሰማሁ ቁጥር ያ ዓመት ይመለስብኛል።

ከዚያ በፊት በነበረው በጋ ወደ አርብ ገበያ የሚወርደው መንገድ ይሠራ ነበር። ደሴ የሚባለው አባቴ እርሻው ጋብ ሲል እዚያ ድንጋይ ይፈልጥ ነበርና፣ ሲመለስ ልብሱ አቧራ አቧራ ይሸት ነበር፤ እኔም እግሩን አጥቤ ስጨርስ የሻከሩ ጣቶቹን እየጎተትሁ አስቀው ነበር። ንግግር የማይወድ ሰው ቢሆንም ሠራተኞቹ ተጠሪያችን ሁን ብለው መረጡት። ገደሉ ተንዶ አንዱን ጓደኛቸውን ከቀበረው በኋላ፣ «የተንጠለጠለው አለት ሳይወርድ ከሥሩ አንገባም» ብሎ ሥራውን ያስቆመው እሱ ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የሠራተኞቹ አለቃ ካቦው ከገደሉ ሥር ሞቶ ተገኘና ገፍቶ የጣለው ሥራውን ያስቆመበት ደሴ ነው ተባለ። ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ አባቴ ገበያ ነበር የዋለው። አብረውት የዋሉት ሰዎች ዝናብ እየመታቸው በእግራቸው ከተማ ድረስ ሄደው ቢመሰክሩም ዘመዶቹ ናችሁ ተብለው ቃላቸው ተጣለ፣ አየሁ ያለው አንድ ሰው ግን ታመነ። የአባቴን ማሳ ጎረቤት በደቦ ዘራልን። ገብሱ ደርሶ አጫጅ ሲጠብቅ ሞት ተፈረደበት። እናቴ ወሬውን ስትሰማ እህል ታበጥር ነበር፤ ሰፌዱን አስቀምጣ አማተበችና «እሱ ያውቃል» ብቻ አለች።

በሳምንቱ የአገሩ ሰው አጨዳውን ትቶ፣ የመንገድ ሠራተኞቹም መዶሻቸውን ጥለው፣ ወደ ንፋስ መውጫ ከተማ አቤት ልንል ወጣን። በእኛ ዘንድ የበደለ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ይቀርባል። ሽማግሌዎቹ ሹም የሚለመንበት ሌላ መንገድ አያውቁምና ከተማው አፋፍ ስንደርስ ሰውን ሁሉ ድንጋይ አስያዙት። ለእኔም ከጡጫዬ የማትበልጥ ደረሰችኝ።

የአባቴ አጎት አያ አዱኛ ትልቁን ሲያነሱ አንዲት ጎረቤታችን፣ «አያ፣ ኃጢአትዎ ይህን ያህል ነው?» አለቻቸው።

«ዝም በይ፣ የአንችንም ጨምሬ ነው!» አሉና ሰው ሁሉ ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም።

ቢሮው ደጃፍ ጎንበስ ብለን «ማሩልን! ማሩልን!» ስንል አንድ ሹም ወጣ። ሲያየን ፊቱ ራራ።

«ጥፋቱን አምናችሁ ምሕረት መለመናችሁ ደግ አደረጋችሁ» አለ። «ይህንኑ ለበላይ እናስታውቃለን።»

እናቴ ቀና አለች። ድንጋዩን ከአንገቷ አውርዳ እግሯ ሥር አስቀመጠችው።

«ጌታዬ፣ ባሌ አልገደለም። ፍርዱ እንደገና ይታይልን።»

«ጥሩወርቅ!» አሉ አያ አዱኛ። «ተሸከሚ እባክሽ! ሰውየው ሲራራልን ባልሽን ልታስገድይው ነው?»

«ይህን ከተሸከምሁ ገድሏል ማለቴ ነው፣ አያ።»

እኔ ቀሚሷን ይዤ በልቤ ተሸከሚ፣ ተሸከሚ እላት ነበር። አባቴ ብቻ ይምጣልኝ እንጂ ምን ተብሎ እንደሚመጣ ግድ አልነበረኝም። በመጀመሪያ አንድ ሠራተኛ ድንጋዩን ጣለ፣ ሌላው ተከተለው፣ ከዚያ መሬቱ ሁሉ ጓ ጓ ይል ጀመር፤ በመጨረሻ አያ አዱኛም እያለቀሱ አወረዱ። «ፍርድ! ፍርድ!» የሚለው ጩኸት ሲነሳ የሹሙ ፊት ተለወጠ፤ ገብቶ በሩን ዘጋው። ስንመለስ እናቴን ያናገራት ሰው አልነበረም።

አባቴ አልተገደለም፣ ተመስገን። ጉዳዩ እንደገና ታይቶ የሞት ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ እኔ ተድሬ ልጆች ከወለድሁ በኋላም በአመክሮ ወጣ። ገዳይ መባሉ ግን እስከ ዛሬ አልተፋቀለትም። አሁን ደጃፌ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ልጆቼ እንደ እኔ ጣቶቹን ይጎትታሉ፣ እሱም ይስቃል፤ የመዶሻው ድምፅ ከታች ሲመጣ ግን እግሩን ይሰበስባል። ያን ቀን እናቴ ጨካኝ መስላኝ ነበር። ዛሬ እኔም የሰው ሚስትና እናት ሆኜ ሳስበው፣ እሷን ብሆን ያን ድንጋይ ማውረድ እችል እንደነበር አላውቅም።

ከንፋስ መውጫ በተመለስን ማግስት ጠዋት ማንም ሳያየኝ ያልጣልኋትን ትንሿን ድንጋዬን በነጠላዬ ቋጥሬ ወደ ማርያም ሄድሁ። ለካ እናቴ ቀድማኝ ኖሯል፤ ደጀ ሰላሙ ላይ ተንበርክካ፣ ከትናንቱ የሚበልጥ ድንጋይ አንገቷ ላይ ተሸክማ አገኘኋት። አየችኝ፣ አልተቆጣችኝም።

«እዚህስ እንሸከማለን» አለችኝ።

ድንጋዬን ፈትቼ አንገቴ ላይ አድርጌ አጠገቧ ተንበረከክሁ። ስንጨርስ ማጭዳችንን ይዘን የአባቴን ገብስ ልናጭድ ወረድን።