የጠበቃ ይርዳው ቅናት

ጠበቃ ይርዳው ደብረ ታቦር ላይ ሃያ ዓመት በአንደበቱ ተከብሮ ኖረ። ወጣቷ ጠበቃ ሃና ፊት ለፊቱ ቢሮ ከከፈተች ወዲህ ግን ደንበኞቹ ወደ እሷ ተሻገሩ፤ እሱም በመስኮት እያየ በቅናት አረረ። ከገሳይ መንደር የመጡት እማማ ደሳለችም ትተውት ሄዱ። እሱ ተስፋ የለውም ያለውን የመሬት ክርክር ሃና ረታችላቸው። ይርዳው እማማን ፍርድ ቤቱ ደጅ ላይ አስቆማቸው።

«ምን ብላ አሳመነችዎት?»

«ምንም አላለችኝ፣ ልጄ። እስክጨርስ ሰማችኝ። ወሰኑን ያካለሉት ሽማግሌ ይፋግ ከተማ በሕይወት እንዳሉ ያኔ ነገርኋት።»

«ለእኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«ልነግርህ ስጀምር አንተ ሕጉን ታስረዳኝ ነበር።»

በማግስቱ ይርዳው አንድ ባለጉዳይ ሲያወራ ብዕሩን አስቀምጦ ምላሱን ነክሶ ዝም አለ፤ ሰውየውም የሆዱን ሁሉ ዘረገፈለት። ቅናቱ ግን አልበረደም፤ ሃና ማዳመጥን ገና በወጣትነቷ ማወቋ አንገበገበው።