የአክስቴ ጥፊና የቴሌቪዥናችን ብየዳ

በቀደም ጅማ፣ አወቱ መንደራ ሰፈር ስልኬን የሚሠራልኝ ልጅ የመበየጃ ካውያውን ሊድ ላይ ሲያሳርፍ፣ ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ጭስ ትን አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ልጁ በእሱ የሳቅሁ መስሎት ቅር አለው።

የሳቅሁት በአክስቴ ነበር። አጋሮ ሳለን፣ ጀርባው ያበጠ አሮጌ ቴሌቪዥን ነበረን። ሲግል ምስሉ ድርግም ይላል። አባቴ ቢመታው፣ እኛ ብንመታው፣ ወይ ፍንክች! የሚሰማው የአክስቴን ጥፊ ብቻ ነበር። እሷ ደግሞ እዚያው ግቢ ብትኖርም፣ ዶሮዋ አባቴ ያሰጣውን ቡና ከበተነችበት ወዲህ ከወንድሟ ጋር እንደተኳረፈች ነው። አላህ ይዘንላቸውና፣ ሁለቱም ግትር ነበሩ። ዜና ሊጀምር ሲል ግን እኔ እላካለሁ። አክስቴ ሻሿን እያስተካከለች ትመጣና፣ "ሜ ከኢ! ተነስ እንጂ!" ብላ ጎኑን ታጮለዋለች፤ ይበራል። ተመልሶ መጥፋቱ ስለማይቀር ቁጭ ትላለች።

አባቴ ዓይኑን ሳይነቅል፣ "ሻይ አለ" ይላል፣ ለቴሌቪዥኑ።

"ስኳር ካልበዛበት" ትላለች እሷም፣ ለቴሌቪዥኑ። እንዲህ እያሉ የታመመ ይጠያየቃሉ፤ የሸቤ ዘመዶቻችንንም ያማሉ።

ጅማ ኤሌክትሮኒክስ ተምሬ ስመለስ ሙያዬን ላሳይ ቸኮልሁ። ስከፍተው ብየዳዎቹ ተሰነጣጥቀዋል። አንድ በአንድ እያጋልሁ አዲስ ሊድ አጠጣኋቸው። ቤቱ በጭስ ታፈነ፤ ቴሌቪዥኑ ግን ቢግልም አልጠፋ አለ። እንዴት እንደኮራሁ!

የዚያን ቀን አክስቴን የጠራ አልነበረም። በማግስቱም እንደዚያው። አባቴ ቁልጭ ያለ ምስል ፊት ተቀምጦ በር በሩን ያያል። ጥሯት እንዳይል ኩራቱ ያዘው።

በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረ። "ማሻአላህ፣ እጅሽ ይባረክ፤ ጥሩ ሠርተሻል።" ጉሮሮውን ጠረገ። "በይ አሁን አበላሺልኝ።"

"አባባ!"

"ትንሽ ነው ያልኩሽ አቦ! አንዷን ብቻ።"

አንዷን ብየዳ አላላኋት። አክስቴ ተጠርታ ከተፍ አለች፤ አንድ ጥፊ፣ ብርሃን ሆነ። "እኔ ባልኖር ምን ይውጥህ ነበር?" አለችው ቴሌቪዥኑን።

አባቴ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። "እውነትሽን ነው እህቴ፣ ወላሂ" አላት።

አክስቴ ከጎኑ ተቀመጠች። በዜናው መሃል ቴሌቪዥኑ ድርግም አለ። እነሱ ወሬ ይዘው ነበርና፣ ተነስቶ የመታው አልነበረም።