መሬቱን ቆርጬ ስጥል

ካልጋሪ መሀል ከተማ በሚገኝ አንድ የአርክቴክቶች ቢሮ ሥራዬ ቆርጦ መጣል ነበር። በኮምፒውተር የተሠሩ የሕንፃ ሥዕሎች ይመጡልኛል፤ ሰማዩን፣ ዛፉን፣ መሬቱን አጥፍቼ ሕንፃውን ብቻ አስቀራለሁ። ስምንት ወር ሙሉ ሰማይ ስጥል ከረምኩ። ቢሮው በእነዚህ ሥዕሎች አዲስ የፍለጋ ፕሮግራም እያሠለጠነ ነበር፤ አንድ አርክቴክት በእጁ ጫር ጫር ያደረገውን ሲያስገባ፣ ፕሮግራሙ እሱን የሚመስል የድሮ ሥራ ከማኅደር ፈልጎ እንዲያመጣ ነው።

እስከዚያ ድረስ ይህንን በጭንቅላታቸው የሚሠሩት ጋሼ ነበሩ። አሥመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ከሁላችንም በፊት እዚያ ቢሮ ፕላን ሲነድፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ንድፍ ሲያሳዩአቸው ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው «ይሄማ ወንዙ ዳር የሠራነው ነው» ይሉና ፋይሉን ያወጡታል። እኔ ደግሞ «ፕሮግራሙ ያግዝዎታል» እላቸዋለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

የሙከራው ቀን አለቆቹ ተሰብስበው ጋሼ ራሳቸው የነደፉትን አንድ ትምህርት ቤት እንዲስሉ ጠየቋቸው። እንደ ልማዳቸው ከመሬቱ ጀመሩ። ቁልቁለቱን ሳሉ፣ ዛፎቹን ደረደሩ፣ ትምህርት ቤቱን መጨረሻ ላይ አስቀመጡበት። ፕሮግራሙ የመኪና ማቆሚያ ፎቅ አመጣ። ደገሙት፤ ድልድይ አመጣ። ከዚያ አንዷ አርክቴክት ሳጥንና ጣሪያ ብቻ ጫረች፤ ትምህርት ቤቱ ከች አለ። አንዱ አለቃ እየሳቀ የጋሼን ትከሻ መታ መታ አደረገ።

ምክንያቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። መሬቱን ከሥዕሎቹ ሁሉ ስላጠፋሁት ማሽኑ ቁልቁለት አይቶ አያውቅም፤ የጋሼን መሬትም ሕንፃ አድርጎ ቆጠረው። «መሬቱን ይተዉት ጋሼ፣ ቤቱን ብቻ ይሳሉ» ማለት ይበቃ ነበር። ይህን ብል ግን የሥራዬ ጉድለት ሊታይ ነው፤ ኮንትራቴ ደግሞ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። አፌን ዘጋሁ። ፈርቼ ነው፣ ሌላ ስም አላወጣለትም።

ኮንትራቴ ታደሰ። ጋሼ ጡረታ ውጡ ተባሉ።

የመጨረሻ ቀናቸው በመኪናዬ አቢዴል ሰፈር እቤታቸው ድረስ ሸኘኋቸው። ደጃፋቸው ላይ መኪናውን ሳቆም የሚነድፉበትን ቀኝ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያዩታል።

«ልጄ፣ አንቺ ኮምፒውተሩን ታውቂዋለሽ» አሉኝ። «ያን ዕለት ፕሮብሌሙ የማን ነው? የሲስተሙ ነው ወይስ የእጄ?»

አሁን ተናገሪ፣ አሁን፣ አልኩ ለራሴ።

«ጋሼ፣ ሲስተሙ ቴስት ተደርጓል። ኦኬ ነው» አልኳቸው።

«እኔም እጄን ጠርጥሬው ነበር። ዶክተሬ ጋ አፖይንትመንት ልያዝ እንግዲህ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ሌሎቹ እኮ ይሉኝታ ይዟቸው እውነቱን አልነገሩኝም።»

የመኪናው በር ያለው በቀኛቸው በኩል ነው። ዞር ብለው በግራ እጃቸው ከፈቱት።