ጦጣ የናቃት ሀሊሜ

የሮቢት ጦጣዎች ወንድና ሴት ለይተው ያውቃሉ። ማን እንዳስተማራቸው አልጠየቅሁም፤ ብጠይቅም የሚነግረኝ አላገኝም። ወንድ ጓሮ ውስጥ ሆኖ ጉሮሮውን ከጠረገ የያዙትን ጥለው አጥር ይዘላሉ። ሴት ስትጮህባቸው ግን ቁጭ ብለው፣ ዓይን ዓይኗን እያዩ፣ ፓፓያውን እስከ ፍሬው ይጨርሱታል።

ይህን ከሀሊሜ በላይ የሚያውቅ የለም። ጓሮዋ ከመስኖው ቦይ ዳር ነው፤ ፓፓያ፣ ማንጎ፣ ዘይቱንና ሙዝ አለበት። የበሰለውን አስፋልቱ ዳር ቆማ ለአውቶቡስ ተሳፋሪ ትሸጣለች። ረጅም ናት፣ ምላሷም ስለታም ነው፤ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ዋጋ የሚከራከራትን ሰው ሹፌሩ ሳይቀር እስኪስቅበት ድረስ ታሳፍረዋለች። ባሏ ሙሀመድሰይድ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሥራ የሚወድ ሰው አልነበረም። ማንጎው ጥላ ሥር ጋደም ብሎ ጫቱን ይቅማል፣ አልፎ አልፎ ይስላል፤ በቃ። ለካ ጓሮውን ሲጠብቅ የኖረው ያ ሳል ነበር። በ1996 ዓ.ም. ክረምት ወባ ወሰደው፤ ሰው ገና ለቅሶ ላይ ተቀምጦ ሳለ ጦጣዎቹ ፓፓያው ላይ ወጡ።

የሀዘን ጊዜዋ እንዳበቃ የባሏ ታናሽ ወንድም በድረዲን መጣ። ባል የሞተባትን ሴት የሟች ወንድም ቢያገባት በአገሩ ነውር የለውም፤ በድረዲንም ሚስት እያለችው ሀሊሜን ከነጓሮዋ ሊጠቀልል ቆርጦ ነበር። በመጣ ቁጥር ጦጣ የነከሰው ፓፓያ ከመሬት አንስቶ ያሳያታል።

«ይኸውልሽ ሀሊሜ፤ ወንድ እንደሌለሽ ጦጣው እንኳ አወቀ» ይላታል።

እንባዋ ቢቀርባትም አላለቀሰችለትም። ነገሩ ሽማግሌ ዘንድ ደረሰ። የሰፈሩ ታላቅ ሸህ አራጌ፣ ጓሮዋን ጠብቃ የዘንድሮውን ፍሬ ከሸጠች ማንም እንዳይነካት፣ ካልቻለች ግን የበድረዲን ነገር እንዲታሰብበት ብለው ሸኟቸው። ሀሊሜ በድረዲን ቤት ሁለተኛ ሆና ከመግባት ቦዩ ውስጥ ማደር ትመርጥ ነበር።

ቆርቆሮ ደበደበች፤ ጦጣዎቹ ለመዱት። ውሻ ተዋሰች፤ ውሻው አብሯቸው ሲጫወት ዋለ። ከሁሉ በላይ ያናደዳት አንድ ጆሮው የተቀደደ አውራ ነበር። ዛፉ ላይ ተንፈላሶ ሲበላ ብታየው ስም አወጣችለት፤ በድረዲን አለችው። ከዚያ ወዲያ «በድረዲን ውረድ፤ በድረዲን የሰው አትብላ» እያለች ስትጮህ መንደሩ ሁሉ ይሰማል። እኛ ጎረቤቶቿ ሥራ ፈትተን እናዳምጣት ነበር፤ አልዋሽም።

አንድ ቀን ማለዳ ሣጥኑን ከፈተች። የሟቹን ካኪ ሱሪ ለበሰች፣ ኮቱን ደረበች፣ ፀጉሯንና ፊቷን በፎጣው ጠመጠመች፣ ዱላውን ትከሻዋ ላይ አጋድማ ወጣች። ማንጎው ሥር ቆማ ልክ እንደ እሱ ሳለች። ጦጣዎቹ እየተጋፉ አጥሩን ዘለሉ። ሀሊሜ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ወዲያው ደግሞ ኮቱ ያን ሰነፍ ሰውዬ ሸተታትና ናፈቃት፤ እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ጎረቤታችን አሚና ውሃ ልትቀዳ ስታልፍ ከአጥሩ ወዲያ ወንድ አየች። አሚና አየች ማለት ሮቢት አየ ማለት ነው። ፀሐይ ሳትበረታ ሀሊሜ ወንድ አስገባች ተባለ። ሰዎች ዙሪያ ጥምጥም እያሉ ሲጠይቋት አልካደችም፣ አላመነችምም፤ ጎበዝ ነው፣ ማልዶ ይነሳል ብቻ ትላለች።

በድረዲን ወሬውን ሲሰማ እህል አልበላ አለው። ሰውየውን እጅ ከፍንጅ ሊይዝ ጎህ ሲቀድ ገብቶ ሙዙ መሃል ተደበቀ። ሀሊሜ ሱሪዋን ለብሳ ስትወጣ የሙዙ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ሰማች። ያ ጆሮ ቀዳዳ ጦጣ መስሏት የጭቃ ጓል በወንጭፍ ለቀቀችበት። ጓሉ ያረፈው የበድረዲን ጀርባ ላይ ነው። ድምጿን አወፍራ ሌባ ብላ ዱላዋን ስታነሳ፣ ሰውየው ሽርጡን ለእሾሁ ትቶ አጥሩን ዘለለ። ጦጣዎቹ እንኳ እንደዚያ ዘለው አያውቁም።

ከሰዓት በኋላ ሸህ አራጌ ግቢ ሽማግሌ ተቀመጠ። በድረዲን ቆሞ መሰከረ። ሰውየው በር የሚያክል ትከሻ እንዳለው፣ ጢሙ ደረቱ ድረስ እንደሚወርድ፣ ሽጉጥም ሳይታጠቅ እንደማይቀር ተናገረ። ይህን ሁሉ የሚለው ወላሂ እያለ ነው። ሸህ አራጌ ወደ ሀሊሜ ዞረው እውነት መሆኑን ጠየቋት።

«ሰውየውስ አለ አባቴ። ፈቃድዎ ከሆነ ላምጣው» አለች።

ሄደች። ስትመለስ ሱሪውን፣ ኮቱን፣ ፎጣውን፣ ሁሉንም እንዳለ ለብሳ ነው። መካከላቸው ቆማ እንደ ባሏ ሳለች። ሸህ አራጌ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሲረጋጉ፣ ሴት የወንድ ልብስ መልበሷ ደግ እንዳልሆነ፣ ከጓሮዋም እንዳታወጣው ገሠጿት። ከዚያ ወደ በድረዲን ዞሩ።

«ያለ ፈቃዷ ኒካህ የለም፤ ጓሮዋንም ጠብቃለች። ጢሙን ግን ከየት አመጣኸው?» አሉት።

ሀሊሜ ያን ዓመት ፍሬዋን ሸጠች፣ በድረዲንም ደጇን መርገጥ ተወ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለሮቢት ወንዶች በጎ ነበር። አንድ ቀን ግን ንፋስ ፎጣዋን ገፈፈውና ጆሮ ቀዳዳው ከቅርንጫፍ ላይ ሹሩባዋን አየ። ትንሽ አሰበ፤ ከዚያ ተመቻችቶ ተቀመጠና መብላቱን ቀጠለ። ለዘመዶቹ ሁሉ የነገራቸው ይመስለኛል፤ ብዙም ሳይቆይ በመንደሩ ወንድ ሲስል ቀና ብሎ የሚያይ ጦጣ ጠፋ። ሀሊሜ ፓፓያዋን ሳይበስል እየቆረጠች ጭድ ውስጥ ማብሰል ጀመረች፤ ለማንም አልተናገረችም። ወንዶቹ ግን ጓሯቸው ውስጥ ሲስሉ ውለው ጉሮሯቸው ተላጠ።

የበድረዲን ዘይቱን አለቀ። በመጨረሻ ከአጥሯ ውጭ ቆሞ፣ መሬት መሬት እያየ ጠራት።

«ሀሊሜ፣ እንግዲህ ምን ይሻለኛል?»

«ቀሚስ ልበስ» አለችው። «ጦጣዎቹ አሁን ሱሪ የለበሰ ሁሉ ሴት ነው ብለዋል። ቀሚስ የለበሰውን ወንድ ነው ይሉት ይሆናል።»

ተቆጥቶ ሄደ። በሳምንቱ ግን ሚስቱ ሰማያዊ ቀሚሷ ከገመድ ላይ ጠፍቶባት ከቤት ቤት ስትጠይቅ ዋለች።