ጠራዡ የገለበጠው ማንጋ

መጽሐፍ ጠራዡን ሰፈሩ የሚያውቀው «ቀስ በቀስ» በሚል ቅጽል ስም ነው። ሥራ ያስቸኮለው ሰው ሁሉ ከሱ የሚሰማው መልስ ይኸው ነዋ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሙጫና ክር ይዞ፣ የተበተነ መዝገብ፣ የተገነጠለ የጸሎት መጽሐፍ፣ አይጥ የቀመሰው መዝገበ ቃላት እየሰበሰበ ሰው አድርጓል። አንድ ነገር ግን እወቁልኝ፤ እኔ ያልኩት ካልሆነ ባይ ግትር ነው።

ሚስቱ ነርስ ናት፤ ሰፈሩም እሱም «ሲስተር» ይሏታል። የምትሠራው እሳት ያቃጠላቸው ሰዎች በሚተኙበት ክፍል ነው። ስትመለስ ጫማዋን ወርውራ ሶፋው ላይ ትወድቅና ማንጋ የሚሉትን የጃፓኖች የሥዕል ልብወለድ ትገልጣለች። እሷ የምትወደው ደግሞ ጥቁሩን ነው፤ ጭራቅ፣ የተቆረጠ እጅ፣ የነደደ መንደር።

«ቀኑን ሙሉ ቁስል ስታጥቢ ውለሽ እቤት ደግሞ ደም ታነቢያለሽ? ምን ነካሽ?» ይላታል።

«አንተ ሙጫህን አማስል» ትለዋለች።

ካለፈው ወር ወዲህ ግን ቀልዱም ቀረ፤ ሲስተር አፏ ተለጎመ። አርብ ዕለት የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ጻፈች፤ ሰኞ ልትሰጥ። ጠራዡም «ይብቃሽ፣ ተገላገይ» አላት። እሷ ግን የተገላገለ ሰው ፊት አልነበራትም፤ ዘመዷን መንገድ ላይ ጥላ የሸሸች ነበር የምትመስለው። ይኼ አስፈራው። ሊያጽናናት ፈለገ፤ ማጽናናት የሚያውቀው ደግሞ በእጁ ብቻ ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ገጾቹ የረገፉትን ማንጋዋን ወስዶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

ወዲያው ሳቀ። መጽሐፉ የተጠረዘበት ጎን በቀኝ በኩል! የፊት ሽፋኑ ከኋላ! «ይኼን የጠረዘው ሰው ጠጥቶ ነበር» አለ። ሥዕሉ እስከ ጠርዝ ስለሞላቸው ገጾቹ ቁጥር የላቸውም። የደረቀውን ሙጫ ፋቀ፣ በክር ሰፋ፣ ሽፋኑን «ወደ ቦታው» መለሰ። ሲደርቅለት እስቲ ምንድነው ብሎ፣ ራሱ መጀመሪያ ካደረገው ገጽ ማንበብ ጀመረ።

አንድ እጁ የተቆረጠ፣ አንድ ዓይኑ የጠፋ ሰይፈኛ፣ የተቃጠለች አሮጊት አዝሎ ሲሄድ አየ። ንግግሩ ሾላ በድፍን ቢሆንበትም ሥዕሉን ተከትሎ ገፋ። ገጽ በገለጠ ቁጥር ሰይፈኛው ዳነ። ዓይኑ በራ፣ እጁ ተመለሰ፣ ጭራቆቹ ወደ ጉድጓዳቸው ገቡ፤ በመጨረሻም መንደሩ ከነነፍሱ ቆመ፣ እናቱ ደጃፍ ላይ ሳቀች። ጠራዡ እንባው መጣ።

እየሮጠ ሳሎን ገባ፤ ቀስ በቀስ ሲሮጥ ያየ አልነበረም። «ሲስተር! መጨረሻው እኮ ደስ ይላል! እጁ በቀለ፣ እናቱም ዳነች! ሁሉም ይመለሳል፤ አይዞሽ!»

መጽሐፉን ተቀብላ አገላበጠችና ሳቀች፤ ከወር በኋላ የመጀመሪያ ሳቋ ነው። ሳቁ ሳያልቅ ግን ፊቷ ጠቆረ።

«አንተ ሰውዬ፣ ማንጋ እኮ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው። ያነበብከው ከመጨረሻው ጀምረህ ነው።»

«እና እጁ…?»

«አይበቅልም። እኛም ጋ አይበቅልም። የሚበቅል ቢሆንማ ውሸቱን ምን ብዬ አነበዋለሁ?»

ጠራዡ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። አጠገቧ ተቀምጦ፣ ንግግሩን እሷ እየተረጎመችለት፣ ከቀኝ ጀመረ። አሁን እናትየው ከሳቀች በኋላ እሳቱ መጣ። ሰይፈኛው መንደሩን፣ እጁን፣ ዓይኑን በየተራ ሲያጣ ጠራዡ ገጽ መዝለል አማረው፤ ግን አልዘለለም። እንዲህ እያለ፣ ጠዋት እንደ ዋዛ ካለፈው ሥዕል ላይ ደረሰ። ሁሉን የተነጠቀ ሰው፣ ማንም ሳያዘው፣ እንደማትድን እያወቀ፣ የማያውቃትን አሮጊት አዝሏል። ነፋሱ ቁስሏን እንዳይነካባት ካባውን አልብሷታል።

እግዚኦ! የጠራዡ ፀጉር ቆመ። ለካ ሰው ይኼን ያህል ይችላል? ያ ሁሉ ጭራቅ የተሣለው ይቺ አንዲት ካባ እንድትታይ ኖሯል? ቀና ብሎ ሚስቱን፣ በመታጠብ ብዛት የተላጡ እጆቿን አየ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሯት ሲኖር፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ምን እንደምትሠራ አንድ ቀን ጠይቋት አያውቅም። ፈራትም፣ ኮራባትም።

«ባለፈው ወር ማን ነው የሞተብሽ?» አላት በቀስታ።

ሲስተር ጣቷን ካባው ላይ አሳረፈች። «የዳቦ ቤት ሠራተኛ ናት። አሥራ አንድ ቀን ቆየች። ስገባ ሁሌ ‹መጣሽልኝ?› ትለኝ ነበር። የሞተችው በዕረፍቴ ቀን ነው። ቀረሁባት።»

ጠራዡ «ንገሪኝ» ብቻ አላት። ቁስሉን፣ ሽታውን፣ ጩኸቱን ነገረችው፤ እስከ መጨረሻው ሰማት። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ስትወርድ ሲስተር አፍንጫዋን ጠረገች።

«አልጋ አራት ላይ ደግሞ አንድ ሽማግሌ አለ። ሌላ ሰው ሲያጥበው ይጮኻል፤ በኔ እጅ ግን ይችለዋል። ሰኞ ጠዋት ተራው ነው።»

«ሂጂለት እንጂ» አላት፤ አርብ ዕለት «ይብቃሽ» ያለው ያው ሰውዬ።